ሰዓቱ በዶላር፣ ሯጩ በብር

ጅግጅጋ ላይ የሩጫ ሰዓት የሚገዛ ሰው በዋጋ ከመከራከሩ በፊት ምንዛሪውን ይመልከት። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ የተወው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር፣ ጋርሚን በ200 ዶላር ለገበያ ያቀረበው ፎርራነር 55 በ11,400 ብር ይታሰብ ነበር። ዶላሩን 150 ብር ብንለው ያው ሰዓት 30,000 ብር ይሆናል፤ ቀረጡ፣ ማጓጓዣውና የነጋዴው ትርፍ ገና አልተጨመሩም። ከድንበር ከተማዋ ቶጎ ውጫሌ ማዶ ዕቃ በዶላር ስለሚተመን፣ ብር ሲወርድ ጅግጅጋ ያለው ገዢ ወዲያው ይሰማዋል።

ይህን ያህል ገንዘብ የሚወጣው ለምንድን ነው? በእኔ እምነት ለሁለት ነገር ብቻ መውጣት አለበት። አንደኛው የሰዓቱ የራሱ ጂፒኤስ ነው። ብዙ ርካሽ ሰዓቶች ርቀት የሚለኩት የስልክን ጂፒኤስ ተውሰው ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የስልኩን ብሉቱዝ አጥፍቶ ደጅ መውጣትና ሰዓቱ ሳተላይት ይዞ መንገዱን መመዝገቡን ማየት። ሳተላይቱ ኢንተርኔትም ክፍያም አይጠይቅም።

ሁለተኛው ደረት ላይ ከሚታሰር የልብ ምት መለኪያ ጋር መገናኘት መቻሉ ነው። የእጅ ሰዓት በአረንጓዴ ብርሃን የደም ፍሰትን እያየ ይገምታል፤ ፍጥነት በድንገት ሲቀያየር ወይም ማሰሪያው ሲላላ ይሳሳታል። የደረቱ ቀበቶ ግን የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት ያነባል። የፊንላንዱ ፖላር ገመድ አልባውን መለኪያ ለገበያ ካበቃ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። እዚህ አካባቢ ቀበቶው ትልቅ ጥቅም አለው። በጅግጅጋ ደጋማ አየር ቀላል የነበረው ፍጥነት በሽንሌ ሙቀት የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል፤ ወደ ካራማራ ሽቅብ ሲወጣም እንዲሁ ነው። በኪሎ ሜትር ደቂቃ ብቻ የሚሠለጥን ልጅ ሳያውቀው ራሱን ያደክማል።

ካርታ፣ ሙዚቃና ባለ ቀለም ስክሪን ግን ዋጋ ከማናር በቀር ሯጩን አያፈጥኑትም። ያገለገለ ሰዓት የሚገዛም የቀድሞው ባለቤት ከራሱ አካውንት ማላቀቁን ያረጋግጥ፤ ቻርጀሩንም አብሮ ይረከብ፤ ብዙዎቹ በስልክ ገመድ አይሞሉም። ዋስትና ከሌለው የድንበር ዕቃ ላይ የሚቀነሰው ብር የጥገናው ስጋት ዋጋ ስለሆነ፣ ቅናሹ ትንሽ ከሆነ ይቅርበት።

30,000 ብር የሌላት ወጣት ሯጭ ልምምዷን ማቆም የለባትም። ሩጫዋን እንደገታች ጣቷን አንገቷ ላይ አድርጋ ለ15 ሰከንድ ምቱን ትቁጠርና በ4 ታባዛው።