የጋኑ ጭስ

(ምስል፦ ሰሜን ሸዋ፣ ማለዳ። ጠማቂዋ ጋን ታጥባለች። ድምፅ፦ ግራዋው ሸክላውን ሲፈገፍግ።)

ተራኪ፦
ጋኑ ባዶ ነው። የጠላው ሥራ ግን ተጀምሯል። የጋኑ ሆድ በግራዋ ይታሻል፣ ይለቀለቃል፣ እንደገና ይታሻል። ያለፈው ጠላ ቅሪት በሸክላው ቀዳዳ ተሸሽጎ ከቀረ መጪውን ያኮመጥጠዋል።

(ምስል፦ የወይራ ስንጣሪ በፍም ላይ።)

አሁን ወይራው መጣ። እንዲጨስ እንጂ እንዲነድ አይፈለግም፤ ነበልባል ካነሳ ወዲያው ታፍነዋለች። ከዚያ ጋኑን አንስታ አፉን በጭሱ ላይ ትደፋለች። ከንፈሩን በጠጠር ደገፍ አድርጋ ለአየር ጥቂት ክፍተት ትተዋለች። ጭሱ ሽቅብ ይወጣል፣ መሄጃ ያጣል፣ ሆዱ ውስጥ ይዞራል። ሰዓት የሚያይ የለም። መዳፏን በጋኑ ጀርባ ታሳርፋለች፤ ሙቀቱ ሽቅብ ሲደርስ ታነሳዋለች። አፍንጫዋን ወደ አፉ ታስጠጋለች። አልበቃውም። መልሳ ትደፋዋለች። ጌሾውና ብቅሉ ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ይህች ሴት ሳትፈቅድ ጥንስስ የለም።

እንጨት ሲጨስ ሊግኒን የተባለው ክፍሉ ተሰባብሮ ፌኖል የሚባሉ ውህዶችን ይለቃል። ጠረኑን የሚሰጡት እነርሱ ናቸው፤ መጠጥ የሚያበላሹ ባክቴሪያዎችንም ያዳክማሉ። የወተት ዕቃ በወይራ የሚታጠነውም ለዚሁ ነው።

(ምስል፦ የውጭ አገር ቀረጻ፣ የኦክ ቁርጥራጭ።)

አሜሪካ ውስጥም ቢራ በቤታቸው የሚጠምቁ አሉ። አንዳንዶቹ በእሳት የተቆላ የኦክ እንጨት ቢራው ውስጥ ይዘፈዝፋሉ፤ እሳቱም ከዚያው ከሊግኒን የቫኒላ ጠረን ያወጣል። እነርሱ እንጨቱን ለመጠጡ ይሰጣሉ። የእኛ ጠማቂ ጭሱን ለዕቃው ታውሳለች። ዕቃው ከሌለ ወይራው ብቻውን ምንም አያደርግም።

(ምስል፦ ሰማያዊ ፕላስቲክ በርሜሎች፣ በተርታ።)

እዚህ ላይ ፕሮግራማችን መንገዱን ይለውጣል። የወጣነው ስለ እንጨት ልንተርክ ነበር፤ ካሜራችን ደጋግሞ ያገኘው ግን ፕላስቲክ በርሜል ነው። ፍም ላይ ቢደፋ ይቀልጣል። ልሙጥ ግድግዳው እንደ ሸክላው ጭስ አይዝም።

ጠማቂዋን አንወቅስም። ጋን ከባድ ነው፣ ይሰበራል፣ በርሜሉ ደግሞ ቀላል ነው። የሚከነክነን ሌላ ነው። ሸክላ ሠሪዎቹን «ቡዳ» እያልን ከማኅበርና ከጋብቻ አገለልናቸው፤ እጃቸው የሠራውን ጋን ግን በሠርጋችንና በዝክራችን መሐል አስቀመጥን። ልጆቻቸው ሙያውን ቢሸሹ ማን ይፈርድባቸዋል?

(ምስል፦ ጭቃ የሚያቦኩ እጆች።)

የቀረውን ጊዜያችንን ለእነርሱ ሰጥተናል። ጭቃው ከየት እንደሚመጣ፣ አንድ ጋን ከመድረቁና ከመተኮሱ በፊት ስንት ጊዜ እንደሚታሽ፣ ገበያ ወርዶ ምን እንደሚያወጣ የሚነግሩን ራሳቸው ሠሪዎቹ ናቸው።