ሁለት ሽቦ፣ ሁለት ሬዚስተር

ስልካችሁን ስታጋድሙት ምስሉም አብሮ የሚጋደመው ውስጡ እንቅስቃሴ የምትለካ ቺፕ ስላለች ነው። መቀሌ ውስጥ ከእንዳየሱስ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ብዙም በማይርቀው ሱቄ የምረቃ ፕሮጀክት ይዘው የሚመጡ ተማሪዎች አብዛኞቹ የሚይዙት ኤምፒዩ-6050ን ነው።

ይቺ ቺፕ ከአርዱይኖ ቦርድ ጋር የምትነጋገረው ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣው አይ-ቱ-ሲ በተባለ የመገናኛ ዘዴ ነው። አንዱ ሽቦ ለዳታ፣ ሌላው ለክሎክ። ሌላው ዘዴ ኤስፒአይ በአራት ሽቦ ይሠራል፣ ይፈጥናልም፤ 6050 ግን አታውቀውም። እሱን የፈለገ እህቷን 6000ን ይግዛ።

እኔ የምወደው በእያንዳንዱ ሽቦ ላይ ያለውን ሬዚስተር ነው። ብዙ ሰው ቺፗ «አንድ» ለማለት ቮልቴጅ የምትልክ ይመስለዋል። አትልክም! በአይ-ቱ-ሲ ሽቦውን ወደ ላይ የሚገፋ የለም። ሁሉም የሚችለው ወደ ግራውንድ መሳብ ወይም መልቀቅ ብቻ ነው። ሲለቀቅ ወደ 3.3 ቮልት የሚመልሰው ፑል አፕ ሬዚስተሩ ነው። ስፕሪንግ ያለው በር አስቡ፤ ማንም ይክፈተው፣ ሲለቁት ራሱ ይዘጋል፤ ሁለት ሰው አንድ ላይ ቢስበውም ጠብ የለም። ብዙ ቺፖች በሁለት ሽቦ ላይ ያለ ሾርት የሚኖሩት፣ ዘገምተኛዋም ክሎኩን ይዛ «ቆዩኝ» ማለት የምትችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት ተማሪ ሚዛኑን ጠብቆ የሚቆም ባለሁለት ጎማ ሮቦት አመጣች። ጠረጴዛ ላይ ይሠራል፤ ሴንሰሩ በረጅም ሽቦ ሮቦቱ አናት ላይ ሲወጣ ንባቡ ይቋረጣል። ሦስት ቀን ኮድ ስትቀያይር ሰንብታ «ቺፗ ተቃጥላ ነው መሰለኝ» አለችኝ። አልተቃጠለችም። ሽቦ ሲረዝም ካፓሲታንሱ ይጨምራል፤ ሬዚስተሩም ያንን ሞልቶ መስመሩን ለማንሳት ጊዜ ይፈልጋል። የቀዳችው ኮድ 400 ኪሎኸርዝ ያዛል፤ በዚያ ፍጥነት ለመነሳት የሚፈቀደው 300 ናኖሰከንድ ነው። በ4.7 ኪሎኦም ሬዚስተር 100 ፒኮፋራድ ብቻውን ወደ 400 ናኖሰከንድ ይወስዳል። በ100 ኪሎኸርዝ ግን 1000 ናኖሰከንድ አለ። አንድ መስመር ኮድ ቀየርን፤ ሮቦቱ ቆመ።

እባካችሁ፣ ቺፕ ሞተች ከማለታችሁ በፊት መልቲሜትር አንሱ። ሥራ በሌለበት ሰዓት ሁለቱም ሽቦዎች 3.3 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለባቸው። ዜሮ ካሳዩ ወይ ሬዚስተር የለም፣ ወይ አንዱ ይዞ አልለቀቀም። ቮልቱ ደህና ሆኖ ቺፗ መልስ እየሰጠች የንባቡ ቁጥር ሁሉ ዜሮ ከሆነ ደግሞ ተኝታ ነው፤ ኃይል ስታገኝ የምትጀምረው በእንቅልፍ ነውና፣ 6ቢ የተባለው ሬጂስተር ላይ ዜሮ ጻፉባት።