በእኛ ነው በፈረንጅ?

በሌላው ዓለም «ስንት ሰዓት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ቁጥር ነው። እኛ ዘንድ ግን መልሱ ሳይመጣ ሌላ ጥያቄ ይቀድማል፤ «በእኛ ነው በፈረንጅ?» ሁለት ሰዓትና ሁለት የቀን መቁጠሪያ ይዞ መኖርን ለምደነዋል። እናላችሁ፣ ጣጣው የሚጀምረው ከመልመዳችን ነው። ሁላችንም እናውቀዋለን ብለን ስለምናስብ፣ በየትኛው እንደቆጠርን ሳንጽፍ ቁጥሩን ብቻ አስቀምጠን እንሄዳለን።

ከሰዓቱ እንጀምር። የእኛ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው፤ የፈረንጆቹ ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው፣ ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው። ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የምትሄድ አንዲት ልጅ ትኬቷ ላይ «ረቡዕ 01:30» የሚል ጽሑፍ አየች እንበል። እሷና ቤተሰቦቿ ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ብለው ቢዘጋጁ ማን ይፈርድባቸዋል? በእኛ አነጋገር ግን አውሮፕላኑ የሚነሳው ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እነሱ ሻንጣ ተሸክመው ሲደርሱ ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። ተበድራ የቆረጠችው ትኬት ከሆነ ደግሞ አስቡት።

ወደ ቀኑ ስንመጣ ይብሳል። ብዙ ሰው መስከረም ማለት ሴፕቴምበር፣ ጥር ማለት ጃንዋሪ ይመስለዋል። በትርጉም ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ እንዲህ ሲጽፉ አያለሁ። መስከረም 5 ግን ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 15 ነው። በአሥር ቀን የተሳሳተ የማመልከቻ ጊዜ ያለፈ ማመልከቻ ነው፤ ማንም «የወሩን ስም ተርጉሜ ነው» የሚለውን ሰበብ አይሰማም።

የልደት ቀንን ደግሞ ተመልከቱት። ሚያዝያ 12 ቀን 1985 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ቅጽ ላይ 12/8/1985 ብሎ ይጽፋል። ሚያዝያ ስምንተኛው ወር ስለሆነ አልተሳሳተም። ወረቀቱ ውጭ አገር ሲደርስ አውሮፓዊው ኦገስት 12 ቀን 1985 ብሎ ያነበዋል። አሜሪካዊው ወርን ስለሚያስቀድም ዲሴምበር 8 ቀን 1985 ይለዋል። እውነተኛው የልደት ቀን ግን በእነሱ አቆጣጠር ኤፕሪል 20 ቀን 1993 ነው። ሰውየው በአንድ ወረቀት ወደ ስምንት ዓመት ገደማ አረጀ ማለት ነው። የ16 ዓመት ልጅ እንደ ጎልማሳ ይቆጠራል፤ ትምህርት ቤት መግባት ሲገባው ሥራ ፈልግ ይባላል። አንድ ጊዜ መዝገብ ላይ የሰፈረን ቀን ማስተካከል ምን ያህል እንደሚያንከራትት የደረሰበት ያውቀዋል።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን የመድኃኒቱ ነገር ነው። ባለፈው ሰሞን አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ፣ ለጉንፋን ብለው ከቁም ሣጥን ያወጡትን ሽሮፕ ተቀብዬ አገላበጥኩት። ማብቂያው 11/2024 ይላል።

«አክስቴ፣ ይሄ እኮ ጊዜው አልፏል» አልኳቸው።

«ምን ያልፋል? ዘንድሮ 2018 አይደል እንዴ? ገና ስድስት ዓመት አለው!» አሉኝ።

ስቀናል። ነገር ግን የአክስቴ ስሌት እኮ ትክክል ነው፤ ከ2018 እስከ 2024 ስድስት ዓመት ነው። ያልተጻፈላቸው ነገር ዓመቱ የማን እንደሆነ ብቻ ነው። ፊደል ቆጥረው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የኖሩ ስንት እናቶችና አባቶች ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ «ገና ስድስት ዓመት ያለው» መድኃኒት ይኖር ይሆን?

መጠኑም ሌላ ፈተና ነው። «አንድ ማንኪያ ስጪው» ይባላል። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ነው፣ የሾርባ ማንኪያ ግን 15። ሦስት እጥፍ! ከአሜሪካ በዘመድ የሚላከው የልጆች መድኃኒት ደግሞ የልጁን ክብደት በፓውንድ ይጽፋል። 22 ፓውንድ የሚመዝን ልጅ 10 ኪሎ ነው። ፓውንዱን ኪሎ ነው ብሎ ያነበበ ሰው 22 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ የሚሰጠው 22 ፓውንድ ለሚመዝን ልጅ የሚሆነውን መጠን ነው፤ ያሳንስበታል።

ገበያውና ሠፈሩም ከዚህ አይሻልም። አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ግቡ። ፌሮው በሚሊ ሜትር፣ የውሃ ቧንቧው በኢንች፣ ቆርቆሮው በጌጅ ይሸጣል። በጌጅ ደግሞ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ባለ 28ቱ ከባለ 32ቱ ይወፍራል። ይህን የሚነግረው ያጣ ሰው «ትልቁን ስጠኝ» ብሎ ስሱን ጣሪያ ተሸክሞ ይሄዳል። ገጠር ስንወጣ መሬት በጥማድ ይነገራል፤ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው ማለት ነው። በተለምዶ ሩብ ሄክታር ይባላል እንጂ እንደ በሬው ጉልበትና እንደ አፈሩ ይለያያል። የካሳ ወረቀት ሲመጣ ግን በካሬ ሜትር ነው። በጥማድ የሚያውቀው ገበሬና በካሬ የጻፈው ባለሙያ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አይግባቡም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ሐምሌ 16 ቀን 1975 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1983) አንድ የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 መሐል ሰማይ ላይ ነዳጅ ጨረሰ። ለጉዞው 22,300 ኪሎ ግራም ያስፈልገው ነበር። ካናዳ ያን ጊዜ ወደ ሜትሪክ መለኪያ በመሸጋገር ላይ ነበረችና ስሌቱ በፓውንድ ተሠርቶ፣ የነበረው ነዳጅ ከሚያስፈልገው ከግማሽ በታች ሆነ። አብራሪዎቹ ሞተሩ የጠፋውን አውሮፕላን እያንሸራተቱ ጊምሊ በሚባል የቀድሞ የአየር ኃይል ጣቢያ አሳረፉት፤ የሞተ ሰው የለም። ልብ በሉ፣ 22,300 የሚለው ቁጥር ትክክል ነበር። ስህተቱ ከቁጥሩ ቀጥሎ በሚመጣው ቃል ላይ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሁሉ ሲሰሙ «ታዲያ የራሳችንን ትተን ከዓለም ጋር ለምን አንሄድም?» ይላሉ። እኔ አልስማማም። አሥራ ሦስት ወራችን፣ ዘመን መለወጫችን፣ ጠዋት የሚጀምረው ቀናችን ማንንም አልጎዱም። ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው ችግር የለበትም፤ ችግር የሚፈጠረው በየትኛው ቋንቋ እያወራ እንደሆነ ሳይታወቅ ሲቀር ነው።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ቃል ነው። የቀጠሮ ካርድ የምትጽፉ ሐኪም ቤቶች፣ ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ ጻፉት። ትኬት የምትሸጡ፣ «ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል፣ ማክሰኞ ማታ ውጪ» ብላችሁ በአማርኛ ጨምሩበት። መድኃኒት ቤቶች፣ ማብቂያውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በእስክሪብቶ ጫር አድርጉበት፤ ከማንኪያ ይልቅም ሚሊ ሊትር የተጻፈበትን መስፈሪያ ስጡ። የቆርቆሮ ነጋዴዎች፣ የቱ እንደሚወፍር ሳትጠየቁ ተናገሩ። ጋዜጠኞችም ብንሆን «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.»ን እንደ ጌጥ አንያቸው።

እስከዚያው ድረስ እኛ ተራ ሰዎች የያዝነው መሣሪያ ያ የድሮው ጥያቄ ነው። የሚጠይቅ ሰው አላዋቂ እንዳይመስላችሁ። ዶክተሩንም፣ ነጋዴውንም፣ ጸሐፊዋንም ሳታፍሩ ጠይቁ፦ በእኛ ነው በፈረንጅ?