ጠላት በማማ ሥር ስንት ሰከንድ ይቆያል? የታወር ዲፌንስ ጌሞች ስልት ዳሰሳ

ታወር ዲፌንስ የሚባለው የቪዲዮ ጌም ዓይነት ሕጉ በአንድ ትንፋሽ ተነግሮ ያልቃል። ጠላቶች በየዙሩ ከአንድ ጫፍ ይገባሉ፤ በሌላው ጫፍ እንዳያመልጡ ተጫዋቹ በመንገዳቸው ላይ ማማ ይሠራል። ማማው ክልሉ የገባውን ሁሉ በራሱ ይተኩሳል። ጠላት ሲሞት ገንዘብ ይገኛል፤ በገንዘቡ ሌላ ማማ ይሠራል፣ ወይም ያለው ይሻሻላል። ይህን የሰማ ጀማሪ ቶሎ የሚጠይቀው “ከሁሉ የሚበልጠው ማማ የትኛው ነው?” ብሎ ነው። ብዙ የተጫወተ ሰው ግን ሌላ ነገር ያሰላል፦ ጠላቱ በማማው የተኩስ ክልል ውስጥ ስንት ሰከንድ ይቆያል?

በሰከንድ 20 ነጥብ ጉዳት የሚያደርስ ማማ 5 ሰከንድ ካገኘ 100 ነጥብ፣ 10 ሰከንድ ካገኘ 200 ነጥብ ያደርሳል። የተገዛበት ዋጋ ግን ያው ነው። የቦታ መረጣው፣ ማዘግየቱ፣ መንገድ ማጠማዘዙ፣ የገንዘብ አያያዙ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ከዚህች ስሌት ይገባል።

ከራምፓርት እስከ ስልክ

የዘርፉ ቅድመ አያት ተብሎ የሚጠቀሰው አታሪ ጌምስ በ1990 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሳንቲም ለሚሠሩ የመጫወቻ ማሽኖች ያወጣው “ራምፓርት” ነው። ተጫዋቹ የተደረመሰ ቅጥር ይጠግናል፣ በቅጥሩ ውስጥ መድፍ ይተክላል። መድፉን የሚያነጣጥረው ግን ገና ራሱ ነበር።

ዛሬ የምናውቀው መልክ የወጣው ከተጫዋቾች እጅ ነው። ብሊዛርድ ከ“ስታርክራፍት” እና ከ“ዋርክራፍት 3” ጋር የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም አብሮ ሰጥቶ ስለነበር፣ ተጫዋቾች ዋናውን ጦርነት ትተው ማማ ብቻ የሚሠራባቸውን ካርታዎች ፈጠሩ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ጨዋታው በኢንተርኔት ማሰሻ ውስጥ ይሠራ በነበረው ፍላሽ በኩል ወደ ብዙኃኑ ደረሰ። የዴቪድ ስኮት “ፍላሽ ኤለመንት ታወር ዲፌንስ”፣ የፖል ፕሪስ “ዴስክቶፕ ታወር ዲፌንስ” እና የኒውዚላንዱ ኒንጃ ኪዊ “ብሉንስ ታወር ዲፌንስ” ሁሉም የዚያ ዓመት ሥራዎች ናቸው። በ2008 ዓ.ም. “ፊልድረነርስ” በአይፎን፣ “ዲፌንስ ግሪድ” በኮምፒውተር ተከተሉ። የፖፕካፑ “ፕላንትስ ቨርሰስ ዞምቢስ” በ2009፣ የኡራጓዩ አይረንሃይድ “ኪንግደም ራሽ” በ2011 ዓ.ም. ወጡ።

አራት ዓይነት ሜዳ

ስልት ከሜዳው ይጀምራል። በመጀመሪያው ዓይነት ሜዳ መንገዱ አስቀድሞ ተሥሏል፤ ተጫዋቹ ከመንገዱ ውጪ ባለው መሬት ላይ በፈለገበት ይሠራል። ብሉንስ እንዲህ ነው። በሁለተኛው መንገዱም የማማው ቦታም የተወሰነ ነው፤ በኪንግደም ራሽ ለምርጫ የተተወው በየቦታው የትኛው ማማ ይቁም የሚለው ነው። ሦስተኛው በመስመር የተከፈለ ሜዳ ነው። በፕላንትስ ቨርሰስ ዞምቢስ የቀኑ ግቢ 5 መስመርና 9 ዓምድ አለው፤ አብዛኛው ተክል የሚተኩሰው በቆመበት መስመር ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱ መስመር የራሱን መከላከያ ይፈልጋል። አራተኛው ባዶ ሜዳ ነው፤ በዴስክቶፕ ታወር ዲፌንስና በፊልድረነርስ ማማዎቹ ራሳቸው ግድግዳ ሆነው መንገዱን ይሠራሉ።

ቦታ፦ በአንድ ዋጋ ብዙ ሰከንድ

በተሠራ መንገድ ላይ የማማ ክልል ክብ ነው፤ መንገዱ ክቡን ቆርጦ ያልፋል። የክልሉ ርቀት 5 ካሬ የሆነ ማማ ቀጥ ካለ መንገድ በ1 ካሬ ርቀት ቢቆም፣ ጠላቱ ከክልሉ ሳይወጣ 10 ካሬ ያህል ይጓዛል። ያው ማማ በ4 ካሬ ርቀት ቢቆም 6 ካሬ ብቻ ይሸፍናል። ጠላቱ በሰከንድ 2 ካሬ የሚሄድ ከሆነ ልዩነቱ በ5 ሰከንድና በ3 ሰከንድ መካከል ነው። መንገዱ ሄዶ የሚመለስ ከሆነና ማማው በሁለቱ መስመሮች መካከል፣ ከእያንዳንዳቸው በ3 ካሬ ርቀት ቢቆም ደግሞ በመሄጃው 8፣ በመመለሻው 8፣ በድምሩ 16 ካሬ ያገኛል። ይህ 8 ሰከንድ ነው። የማሽላ ማሳ ጠባቂ ማማውን ከዳር የማያቆመው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ወንጭፉ በየአቅጣጫው እንዲደርስለት ከመሃል ይተክለዋል።

ከዚህ የሚከተለው የመሬት ድልድል ነው። ክልሉ ጠባብ የሆነ ማማ ከመታጠፊያው ሥር ካልቆመ ዋጋ የለውም። ክልሉ ሰፊ የሆነው ግን ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎም ብዙ መስመር ስለሚደርስ የመንገድ ዳሩን ለጠባቡ ይለቃል። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ ይህን ይገለብጠዋል፤ በመጀመሪያ የገዛውን ርቆ ተኳሽ ከምርጡ መታጠፊያ ላይ ያስቀምጥና ኋላ ክልሉ ጠባብ ለሆነው ቦታ ያጣል።

ዲፌንስ ግሪድ ለዚህ ስሌት ሌላ ገጽታ ይሰጠዋል። እዚያ ጠላቶቹ የኃይል እምብርቶችን ሰርቀው ይዘው ይወጣሉ እንጂ መጨረሻው ላይ ደርሰው አይጠፉም። ስለዚህ መግቢያና መውጫ አንድ በሆነባቸው ካርታዎች በጋራው መንገድ ላይ የቆመ ማማ አንዱን ጠላት ሲመጣም ሲሄድም ያገኘዋል።

ማዘግየትና ማጠማዘዝ

የጠላትን ፍጥነት በግማሽ የሚቀንስ ማማ ራሱ ብዙም አይገድል ይሆናል፤ ነገር ግን በክልሉ ውስጥ የሚተኩሱትን ሁሉ ጊዜ በእጥፍ ያሳድጋል። አጠገቡ ያለው ማማ አንድ ከሆነ ያስገኘው ትርፍ የአንድ ማማ ያህል ነው፤ አሥር ከሆኑ የአሥር ማማ ያህል ነው። ገንዘቡ ፀሐይ በሆነበት በፕላንትስ ቨርሰስ ዞምቢስ አተር ተኳሹ 100 ፀሐይ፣ በረዶ ተኳሹ 175 ፀሐይ ያወጣል። ብቻውን ሲታይ በረዶው ውድ ነው። ሦስት አተር ተኳሾች ባሉበት መስመር ላይ ሲጨመር ግን የሦስቱንም ጥይት እጥፍ ያደርጋል። ሁለተኛ በረዶ ተኳሽ በዚያው መስመር ላይ ቢተከል ግን ዞምቢውን ከመጀመሪያው ይበልጥ አያዘገየውም። ተመሳሳይ ማዘግያ የማይደራረብባቸው ጌሞች ብዙ ስለሆኑ፣ ሁለተኛውን የመጀመሪያው ውጤት በሚያልቅበት ቦታ ማስቀመጥ ይሻላል።

ኪንግደም ራሽ ማዘግየቱን እስከ መጨረሻው ይወስደዋል፤ የጦር ሰፈሩ ማማ ወታደሮችን አውጥቶ ጠላትን መንገድ ላይ ያስቆማል። የመድፍ ማማው ጥይት ቀስ ብሎ መሬት ላይ ስለሚያርፍ የሚሮጥ ጠላት ሊያመልጠው ይችላል፤ ወታደር ይዞት የቆመ መንጋ ላይ ሲወድቅ ግን ሁሉንም ያገኛል። ሁለቱ ማማዎች በአንድ መታጠፊያ ላይ ሲጣመሩ ለየብቻ ካላቸው ኃይል በላይ የሚሆኑት ስለዚህ ነው።

በባዶ ሜዳ ላይ ደግሞ ጊዜ የሚገዛው በመንገድ ርዝመት ነው። ጠላቶቹ ምንጊዜም ክፍት የሆነውን አጭሩን መንገድ ይፈልጋሉ፤ ጌሙም መንገዱን ፈጽሞ መዝጋት ይከለክላል። የሚፈቀደው ማስረዘም ነው። ርካሹ ማማ በረድፍ ይደረደራል፣ በአንድ ጫፉ ቀዳዳ ይተዋል፣ ቀጣዩ ረድፍ ቀዳዳውን በተቃራኒው ጫፍ ያደርጋል፤ ጠላቱም ከዳር እስከ ዳር ሲመላለስ ይውላል። የግድግዳው አብዛኛው ክፍል ርካሽ ሆኖ ይቀራል፤ የሚሻሻሉት ብዙ ረድፍ በክልላቸው የሚገባ ጥቂት የመሃል ማማዎች ናቸው። ከዚህ አልፎ የሚሄዱ ተጫዋቾች ሁለት መውጫ ያዘጋጃሉ፤ ጠላቱ ወደ አንዱ ሲቃረብ ይዘጉትና ሌላውን ይከፍታሉ፣ ጠላቱም የመጣበትን መንገድ ይመለሳል። የሚበርሩ ጠላቶች ግን ግድግዳ አያግዳቸውም፤ ቀጥ ብለው ስለሚያልፉ የእነርሱን መስመር አስቀድሞ ማጥናት ግድ ነው።

ሰከንድ ሁሉ እኩል አይደለም

በሰከንድ ተመሳሳይ ጉዳት የሚያደርሱ ሁለት ማማዎች በጠላት ላይ የሚያደርሱት ግን ሊለያይ ይችላል። አንዱ በሰከንድ 4 ጊዜ፣ በየጥይቱ 5 ነጥብ ይተኩስ፤ ሌላው በ2 ሰከንድ አንዴ 40 ነጥብ ይተኩስ። ሁለቱም በሰከንድ 20 ናቸው። ከእያንዳንዱ ጥይት 3 ነጥብ የሚቀንስ ጥሩር የለበሰ ጠላት ሲመጣ የመጀመሪያው ወደ 8 ይወርዳል፤ ሁለተኛው 18.5 ላይ ይቆያል። በ2019 ዓ.ም. የወጣው የቻይናው “አርክናይትስ” የአካላዊ ጥቃት ሒሳብ እንዲህ በመቀነስ የሚሠራ ነው። በኪንግደም ራሽ ጥሩር ከጉዳቱ በመቶኛ ይቀንሳል፤ የአስማተኛው ማማ ግን ጥሩሩን አልፎ ይመታል። በሌላ በኩል 10 ነጥብ ጉልበት ባላቸው ትንንሽ ጠላቶች ላይ የ40 ነጥብ ጥይት ቢተኮስ 30ው በከንቱ ይቀራል፤ ለመንጋ የሚያስፈልገው ፈጣን ተኳሽ ወይም በፍንዳታ ብዙ የሚመታ ነው።

ጠላቶቹ ፊኛ የሆኑበት ብሉንስ ይህን ከሁሉ አጥብቆ ይፈትናል። በ2018 ዓ.ም. በወጣው “ብሉንስ ቲዲ 6” ስለታም መሣሪያ የእርሳስ ፊኛን አይወጋም፤ የተሸሸገውን ፊኛ ማየት የማይችል ማማ ጭራሽ አይተኩስበትም። በመደበኛው አጨዋወት የተሸሸጉት ፊኛዎች በ24ኛው ዙር፣ እርሳሶቹ በ28ኛው፣ የመጀመሪያው ትልቅ አየር መርከብ በ40ኛው ዙር ይመጣሉ። በ90ኛው የሚመጣው ፈጣን መርከብ የተሸሸገም እርሳስም ከመሆኑ በላይ ፍንዳታ አይነካውም። ቅደም ተከተሉ ስለማይለወጥ ተጫዋቹ በ20ኛው ዙር ላይ ሆኖ ለ24ኛው ይገዛል።

ዒላማ መምረጥም የዚሁ አካል ነው። በብሉንስ እያንዳንዱ ማማ የመጀመሪያውን፣ የመጨረሻውን፣ የቅርቡን ወይም የብርቱውን ጠላት እንዲመታ ማዘዝ ይቻላል። ቀስ ብሎ ከባድ ጥይት የሚተኩሰው ብርቱው ላይ ካልታዘዘ ጊዜውን በተራ ፊኛ ላይ ይጨርሳል።

የገንዘብ ሰዓት

ገንዘብም በሰዓት ይለካል። በፕላንትስ ቨርሰስ ዞምቢስ የሱፍ አበባ 50 ፀሐይ ያወጣል፤ በየ24 ሰከንዱ ገደማ 25 ፀሐይ ይሰጣል። ስለዚህ በ48 ሰከንድ ያህል ዋጋውን ይመልሳል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ትርፍ ነው። አሥር አበባ ያለው ግቢ በ24 ሰከንድ 250 ፀሐይ፣ ማለትም ሁለት አተር ተኳሽ ተኩል ያፈራል። በጨዋታው መጀመሪያ ላይ ዞምቢዎቹ ጥቂት ሆነው ሳለ አበባ የሚተክለው ኋላ ይሰበስባል፤ በመጨረሻው ማዕበል ዋዜማ የሚተክለው ግን ዋጋውን እንኳ አያገኝም። ጥያቄው “እስከ መጨረሻው ስንት ጊዜ ቀርቷል?” የሚል ነው።

ሌሎቹም ጌሞች ያንኑ ፈተና በሌላ መንገድ ያቀርባሉ። ዲፌንስ ግሪድ በእጅ ላለ ገንዘብ ወለድ ስለሚከፍል፣ ማማ ለመግዛት መቸኮል ወለድን ያስቀራል። ኪንግደም ራሽ ደግሞ ቀጣዩን ማዕበል ከሰዓቱ አስቀድሞ ለሚጠራ ጉርሻ ይሰጣል፤ መከላከያው ትርፍ ጊዜ ካለው ያንን ትርፍ ወደ ወርቅ መለወጥ ይቻላል። ስህተት የሚያስከፍለውም ይለያያል። በፕላንትስ ቨርሰስ ዞምቢስ በአካፋ የተነቀለ ተክል ምንም አይመልስም፤ በብሉንስ ቲዲ 6 የተሸጠ ማማ 70 በመቶውን ይመልሳል። እንዲህ በሚመልስ ጌም ለአሁኑ ዙር ገዝቶ ኋላ መሸጥ ራሱን የቻለ ስልት ነው።

ማሻሻል ወይስ አዲስ መግዛት? ምርጡ ቦታ ከተያዘ ማሻሻል ያዋጣል፤ ምክንያቱም አዲሱ ማማ የሚቆመው ጠላት ብዙ ሰከንድ በማይቆይበት ቦታ ነው። ባዶ የቀረ ጥሩ መታጠፊያ ካለ ግን አዲሱ ይቀድማል። ብሉንስ ቲዲ 6 ምርጫውን ያጠብቀዋል፦ እያንዳንዱ ማማ አምስት አምስት ደረጃ ያላቸው ሦስት የማሻሻያ መንገዶች ቢኖሩትም፣ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የሚወጣው በአንዱ ብቻ ነው፤ ከቀሩት ሁለቱ አንደኛው ጭራሹን ይዘጋል።

ሽንፈትን ማንበብ

ጌም ሠሪዎች የሚፈጥሯቸው ጠላቶች በሙሉ ከተጫዋቹ ሰከንድ የሚነጥቁ ናቸው። ፈጣኑ ጊዜውን ያሳጥራል፤ የሚበርረው መንገዱን ያሳጥራል፤ ጥሩር የለበሰው የእያንዳንዱን ሰከንድ ፍሬ ይቀንሳል፤ የተሸሸገው ሰከንዱን ባዶ ያደርጋል፤ ራሱን የሚያድነው ያለፈውን ሰከንድ ይሽራል። መንጋው ደግሞ ማማው አንዱን ሲመታ ሌላው እንዲያልፍ ያደርጋል።

ስለዚህ ዙሩ ሲሸነፍ መታየት ያለበት ያመለጠው ጠላት ነው። ሙሉ ጉልበቱን ይዞ ካመለጠ የመሣሪያው ዓይነት አልገጠመውም፤ ያንኑ ማማ መደራረብ አያድንም። ቆስሎ፣ ትንሽ ሲቀረው ካመለጠ የጎደለው ጊዜ ነው፤ ማዘግያ ወይም የተሻለ መታጠፊያ ይበቃዋል። ማማዎቹ በትክክለኛው ቦታ ቆመው ግን ሳይሻሻሉ ከቀሩ ችግሩ ከብዙ ዙሮች በፊት በገንዘቡ ላይ ተጀምሯል። ጀማሪው ሦስቱንም የሚያክመው በመውጫው በር ላይ አንድ ማማ በመጨመር ነው፤ እዚያ ደግሞ ጠላቱ ጥቂት እርምጃ ተራምዶ ከሜዳው ስለሚወጣ፣ በውድ የተገዛው ማማ ከሁሉ ያነሰ የመተኮሻ ጊዜ ያገኛል።