ፒንግ ያየውን ብቻ ይናገራል

ማታ ወደ አገር ቤት ደውለን የእናታችን ድምፅ ሲቆራረጥ ሁላችንም የምንለው አንድ ነው፦ «ኔትወርኩ ነው።» የትኛው ኔትወርክ? የክፍላችን ዋይፋይ፣ የኮሌጁ መስመር ወይስ ከዚያ ማዶ ያለው? ይህን ለመለየት እኔ በኮማንድ ላይን ከሚሠራው ከፒንግ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

ፒንግን የጻፈው ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1983። ስሙን ያወጣለት ከሶናር ድምፅ ነው፤ ሥራውም ያንኑ ይመስላል። ትንሽ መልእክት ይልካል፣ መልስ ይጠብቃል፣ የፈጀውን ጊዜ በሚሊሰከንድ ይጽፋል። በቃ።

የምወድለት ያልለካውን አለመናገሩን ነው። እያንዳንዱ መልስ በሊኑክስና በማክ ላይ ተራ ቁጥር አለው፤ ከ5 ቀጥሎ 8 ከመጣ የ6 እና የ7 መልስ እንዳልደረሰ ራሳችሁ ታያላችሁ። አንዳንድ «ዘመናዊ» መመርመሪያዎች ግን አረንጓዴ ምልክት አሳይተው «ግንኙነትዎ ጥሩ ነው» ይላሉ። ጥሩ ማለት ስንት ነው? የተለካውስ እስከ የት ድረስ ነው? ሳይጠየቅ ቅንብር የሚለውጥም አለ፤ ትኩሳት ልለካ ብሎ መርፌ እንደሚወጋ ሐኪም ማለት ነው።

እስቲ ሞክሩት። መጀመሪያ የራውተራችሁን አድራሻ ፒንግ አድርጉ፤ በዋይፋይ ቅንብር ውስጥ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። እዚያው መልስ የሚጠፋ ወይም ጊዜው የሚዘል ከሆነ ጥርጣሬው ዋይፋዩ ላይ ነው። እሱ ደህና ከሆነ 8.8.8.8ን ሞክሩ። ቀጥሎ የአንድ ድረ ገጽ ስም። ቁጥሩ እየመለሰ ስሙ ካልተገኘ ችግሩ ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው ዲኤንኤስ ጋ ነው። ዝምታን ግን በጥንቃቄ አንብቡ፤ ለፒንግ እንዳይመልሱ ሆን ተብሎ የተዘጉ ሰርቨሮች ብዙ ናቸው። ፒንግም «ማሽኑ ሞቷል» አይልም፤ መልስ አልመጣም ነው የሚለው።

ለክፍል ሥራ የራሳችሁን መመርመሪያ የምትጽፉ ካላችሁ፣ የትኛውን አድራሻ እንደጠየቀና ስንት ጊዜ እንደሞከረ ያሳይ፤ ውጤቱም ተራ ጽሑፍ ይሁን። እኔ ለኮምፒውተር ክፍሉ የምልከው ይህንኑ ነው፦ የፒንግን መስመሮች እንዳሉ ቀድቼ፣ ሰዓቱን ጨምሬ። «ራውተሩን አጥፍተህ አብራው» የሚለው የመጀመሪያ መልሳቸው ብዙ ጊዜ ይቀርልኛል።