ከ2 ድል ወደ 22፦ የአዮዋ ስቴት ቅርጫት ኳስ ቡድን በአዲስ አሠልጣኝ

በበቆሎ ምርቷና በአሳማ እርባታዋ በምትታወቀው የአሜሪካዋ አዮዋ ግዛት፣ ኤምስ በተባለች ከተማ የሚገኘው አዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1858 የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተ ነው። የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድኑ የሚጫወትበት አዳራሽ ከ14 ሺህ በላይ ተመልካች ይይዛል። ይሁንና ይህ ቡድን በ2020/21 የውድድር ዘመን ካደረጋቸው 24 ጨዋታዎች ያሸነፈው 2ቱን ብቻ ነበር። ቢግ ትዌልቭ በሚባለው ሊግ ደግሞ 18 ጊዜ ተጋጥሞ 18 ጊዜ ተረትቷል። (የዛሬውን ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በማቋቋም የሚታወሰው ኦክላሆማ ስቴትም የዚሁ ሊግ አባል ነው።)

ዩኒቨርሲቲው በ2021 ጸደይ ቲ ጄ ኦትዘልበርገርን ዋና አሠልጣኝ አድርጎ ሾመ። ሰውየው ቀደም ሲል እዚያው በረዳት አሠልጣኝነት ለዓመታት ያገለገሉ በመሆናቸው ቤቱን ያውቁታል። የጠበቃቸው ሥራ ግን ከባድ ነበር፤ የሊጉ አሠልጣኞችም ቡድኑ በመጨረሻው ደረጃ እንደሚቀመጥ ገምተው ነበር።

በዚያው ወቅት የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር አንድ ደንብ አሻሻለ። ቀድሞ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው የተዛወረ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች አንድ ዓመት ሳይሰለፍ መቆየት ነበረበት። በወቅቱ በወጣው አዲስ ደንብ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚዛወር ተጫዋች ወዲያውኑ መሰለፍ ይችል ነበር። አሠልጣኙ በዚህ ዕድል ተጠቅመው አይዛያ ብሮኪንግተንን ከፔን ስቴት፣ ጌብ ካልሹርን ከሚኒሶታ አመጡ። የአንደኛ ዓመት ተማሪው ታይሪስ ሀንተርም ተጨመረ።

ይሁን እንጂ ለለውጡ ዋናው ምክንያት መከላከሉ ነው። ስልቱ ኳስ የያዘውን ተጋጣሚ ወደ ሜዳው መካከል እንዳይገባ መንገድ ዘግቶ ወደ ጠርዝ መግፋት ነው። መካከል የቆመ ተጫዋች ግራም ቀኝም ማቀበል ይችላል፤ ጠርዝ ላይ የተያዘ ግን የሜዳው መስመር ራሱ እንደ አንድ ተጨማሪ ተከላካይ ይሆንበታል። አሠራሩ እጅግ አድካሚ ነው፤ ከአምስቱ አንዱ ከዘገየ ቅርጫቱ ይጋለጣል።

ቡድኑ የመጀመሪያዎቹን 12 ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ። ጠንካራውን ሜምፊስን 78 ለ59፣ የግዛቱን ተቀናቃኝ አዮዋን 73 ለ53 ረታ። ሊጉ ሲጀመር ግን ነጥብ ማግኘት አስቸገረው፤ 7 አሸንፎ 11 ተሸነፈ። በሊጉ የማጠቃለያ ውድድርም ቴክሳስ ቴክ 72 ለ41 አዋረደው።

ያም ሆኖ 68 ቡድኖች ለሚሳተፉበት ብሔራዊ ውድድር በቃ። በሚልዋኪ ከተማ፣ ዋና አሠልጣኙን ከቀናት በፊት ያሰናበተውን ኤል ኤስ ዩን 59 ለ54 ሲያሸንፍ ሀንተር ብቻውን 23 ነጥብ አስቆጠረ። ከሁለት ቀን በኋላ በዚያው ከተማ፣ በገዛ ግዛቱ ደጋፊዎች የታጀበውን ዊስኮንሲንን 54 ለ49 ረትቶ ከመጨረሻዎቹ 16 ቡድኖች አንዱ ሆነ። ሁለቱም ተጋጣሚዎች 55 ነጥብ እንኳ አልሞሉም። በቺካጎ ማያሚ 70 ለ56 አሸንፎ ጉዞውን ገታው። የዓመቱ ድምር 22 ድልና 13 ሽንፈት ሆነ።

ተጫዋቾችን ያስገባው በር ግን በሁለቱም በኩል ክፍት ነበር። የሊጉ የዓመቱ ምርጥ የአንደኛ ዓመት ተጫዋች የተባለው ሀንተር ከውድድሩ ፍጻሜ በኋላ በዚያው ደንብ ወደ ሌላው የሊጉ ተፎካካሪ፣ ወደ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፤ አሠልጣኙም ተተኪ ፍለጋ እንደገና ጀመሩ።