የዘር ዋጋና የገበሬው ዕዳ

ስለ ልውጥ ሕያው አዝርዕት ሲነሣ ውይይቱ ብዙውን ጊዜ በጤና ጉዳይ ላይ ያተኩራል። በገጠር ላሉ ሰበካ ጉባኤያትና ካህናት አባቶች ግን ከገበሬው የሚቀርበው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ዘሩ በምን ገንዘብ ይገዛል? ዝናም ቢቀርስ ዕዳው በምን ይከፈላል? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው።

ልውጥ ሕያው ጥጥ፣ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ ከተባለ የአፈር ባክቴሪያ የተወሰደ ዘረ መል የገባበት ተክል ነው። ጓይ ትልን የሚገድል ንጥረ ነገር ራሱ ስለሚያመነጭ የፀረ ተባይ ርጭት ወጪን ይቀንሳል። ይህ ጥቅም እውነት ነው፤ ልንክደው አይገባም።

ይሁን እንጂ ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2002 ይህን ጥጥ ስትፈቅድ ለገበሬው የቀረበው ዘር ድቅል ነበር። ከድቅል ሰብል የተለቀመ ዘር ተመልሶ ቢዘራ የወላጆቹን ጠባይ አስተካክሎ አይዝም፤ ምርቱም ይቀንሳል። ስለዚህ ገበሬው በየዓመቱ አዲስ ዘር መግዛት ግድ ሆነበት። የባለመብቱ ክፍያም ስለ ተጨመረበት ዘሩ እጅግ ተወደደ። እ.ኤ.አ. በ2006 የአንድራ ፕራዴሽ ግዛት መንግሥት ጣልቃ ገብቶ የአንዱን እሽግ ዋጋ ወደ 750 ሩፒ አወረደው። የዘሩ ገንዘብ የሚከፈለው ግን ዝናም ከመዝነቡ በፊት ነው። ተበድሮ የገዛ፣ መስኖም የሌለው ገበሬ ዝናሙ ሲቀርበት ሰብሉን ያጣል፤ ዕዳው ግን ይቀራል። ከዓመታት በኋላም ሮዝ የጥጥ ትል ንጥረ ነገሩን ስለ ተላመደ የርጭቱ ወጪ ተመልሶ መጣ።

ቡርኪና ፋሶም እ.ኤ.አ. በ2008 በስፋት ማምረት ጀምራ፣ የጥጡ ጭረት በማጠሩ ገበያው ስለ ተጎዳ እ.ኤ.አ. በ2016 አቋረጠች።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው ጥብቅ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሎ፣ በ2010 ዓ.ም. ድቅል የሆነ ልውጥ ሕያው ጥጥ በአገራችን እንዲመረት ተፈቅዷል።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት ለገበሬው ምክር ከመስጠታቸው፣ ለዘር ግዢም ብድር ከማመቻቸታቸው በፊት ሦስት ነገር እንዲጠይቁ አደራ እንላለን። ዘሩ ተመልሶ ይዘራልን? ዝናም ቢቀር ብድሩን የሚሸከመው ማን ነው? ምርቱን የሚረከበው ነጋዴ ጥራቱን ተቀብሎታልን? መልሱ እስኪገኝ ድረስ ገበሬው ከማሳው ከፊሉን በለመደው ዘር እንዲዘራ፣ ከዚያም ለከርሞ የሚሆን ዘር እንዲያስቀር ይመከር። በጎተራው ዘር ያለው ሰው ክፉ ዓመት ቢያገኘው እንኳ እንደገና ለመጀመር የማንንም ደጅ አይጠናም።